እግር ሲከዳ፦ በአዋቂዎች የአከርካሪ ቦይ ውስጥ የሚበቅሉ ዕጢዎችን ስለ መለየትና ስለ ማከም

ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



የመረጥሁት ርእስ ጠባብ ነው። ከእናንተ መካከል አብዛኛው በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል በሚያሳልፈው የሥራ ዘመን በአከርካሪ ቦይ ውስጥ የበቀለ ዕጢ የሚያጋጥመው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የማዕከላዊው የነርቭ ሥርዓት ዕጢዎች በአብዛኛው የሚነሡት በራስ ቅል ውስጥ ነው፤ ከአከርካሪ ቦይ የሚነሡት ከመቶው ጥቂቶቹ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ብርቅ ስለ ሆነ ነገር አንድ ሙሉ ንግግር ለምን አስፈለገ?

ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የአዋቂን ሰው እግር ቀስ በቀስ ሽባ ከሚያደርጉ በሽታዎች መካከል በጊዜ ከተደረሰበት ተነቅሎ ሊወጣ የሚችለው፣ ታማሚውም ቆሞ ወደ ቤቱ ሊሄድ የሚችልበት ይህ በሽታ ነው። ሁለተኛው፣ በእኛ አገር እግሩ የከዳው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በሽታው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ስም ወጥቶለት ይገኛል። ጓያ ነው ይባላል፤ የአከርካሪ ቲቢ ነው ይባላል፤ ቁርጥማት ነው ይባላል። እነዚህ ስሞች በአብዛኛው ትክክል ናቸው። ጉዳት የሚደርሰው ትክክል ባልሆኑበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ብርቁን በሽታ ከተለመደው የሚለየው የመጀመሪያ መሣሪያ በእጃችሁ ያለ ነው፤ እርሱም ጥያቄ፣ መርፌና መዶሻ ነው።

ቦዩና ሦስቱ ስፍራዎች

የአከርካሪ አጥንቶች ተደራርበው ዓምድ ሲሠሩ በውስጣቸው ጠባብ ቦይ ይተዋሉ። በዚያ ቦይ ሕብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ በአዋቂ ሰው ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ውፍረቱ ከትንሿ ጣት እምብዛም አይበልጥም። ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ፣ ከእግር ወደ አንጎል የሚወጣው ስሜት፣ የሽንትና የሰገራ ቁጥጥር ሁሉ በዚህች ቀጭን ገመድ ያልፋል። ከእርሷም 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ሕብለ ሰረሰር ግን እስከ ዓምዱ ጫፍ አይወርድም፤ በአዋቂ ሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተንጠለጠሉ የነርቭ ሥሮች ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በቦዩ ውስጥ የሚገኝ ዕጢ ከሦስት ስፍራዎች በአንዱ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ስፍራ ዱራ ከሚባለው ጠንካራ ሽፋን ውጭ ነው። በዚህ ስፍራ በብዛት የምናገኘው ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰር ነው፤ በሴት ከጡት፣ በወንድ ከፕሮስቴት፣ በሁለቱም ከሳንባ የሚመጣ፣ ወይም ከደም ሕዋሳት የሚነሣ እንደ ሚየሎማና ሊምፎማ ያለ። ሁለተኛው ስፍራ ከዱራ በታች፣ ነገር ግን ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ነው። እዚህ የሚበቅሉት በዋናነት ሁለት ናቸው፦ ከነርቭ ሥር ሽፋን የሚነሣው ሽዋኖማ እና ከሽፋኑ ራሱ የሚነሣው ሜኒንጂዮማ። ሁለቱም በአብዛኛው ካንሰር አይደሉም፤ በዝግታ ያድጋሉ፤ ሕብለ ሰረሰርን ይገፋሉ እንጂ አይወርሩትም። ሜኒንጂዮማ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶችን ያዘወትራል፤ የሚወደውም ስፍራ የደረት አከርካሪ ነው። ሦስተኛው ስፍራ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፤ በአዋቂ ሰው ከሁሉ የሚበዛው ኤፔንዲሞማ ነው፤ ቀጥሎ አስትሮሳይቶማና ሄማንጂዮብላስቶማ ይመጣሉ። ከፈረስ ጭራው አካባቢ ደግሞ ሚክሶፓፒላሪ የሚባለው የኤፔንዲሞማ ዓይነት ይነሣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምደባ ይህን ዕጢ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ደረጃ ከፍ አድርጎታል፤ ምክንያቱም ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው ነው።

ስፍራውን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የሕክምናው ተስፋ ከስም ይልቅ በስፍራው ስለሚወሰን ነው። በሁለተኛው ስፍራ ያለ ዕጢ ለቀዶ ሐኪም እጅ ከሁሉ የተመቸ ነው፤ ለሐኪም ጥርጣሬ ግን ከሁሉ የራቀ ነው፤ ምክንያቱም አጥንት አያፈርስም፣ ትኩሳት አያመጣም፣ ሰውነት አያከሳም።

የበሽታው አካሄድ

አካሄዱን በምሳሌ ላሳይ። የምናገረው ስለ አንዲት ተለይተው ስለሚታወቁ ታማሚ አይደለም፤ የብዙዎችን መንገድ በአንዲት እናት ላይ ሰብስቤ ነው። እንበልና ከደረስጌ አካባቢ የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። ደረስጌን ብዙዎቻችሁ በታሪክ ታውቋታላችሁ፤ ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለባት፣ ዐፄ ቴዎድሮስም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ናት። ለሐኪም ግን ደረስጌ ከሁሉ በፊት የመንገድ ጥያቄ ናት። ታማሚዋ ከጃናሞራ ተራሮች ወርደው ደባርቅ መድረስ አለባቸው፤ ከደባርቅም ዳባትን አልፈው ጎንደር ለመግባት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራቸዋል። እግር የከዳው ሰው ይህን መንገድ ደጋግሞ ሊመላለስ አይችልም። አንዴ ሲመጣ በትክክል ሊመረመር ይገባዋል።

የእኒህ እናት ሕመም የሚጀምረው በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ባለ ውጋት ነው። ውጋቱ ቀን ሲሠሩ ቀለል ይላል፤ ሌሊት ሲተኙ ይብሳል፤ ተነሥተው ሲቀመጡ ጋብ ይላል። ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነው፤ የድካም ሕመም ሲያርፉ ይቀላል፤ የቦይ ዕጢ ሕመም ግን ሲተኙ ሊነሣ ይችላል። ቀጥሎ ሕመሙ የጎድን አጥንትን ተከትሎ ወደ ፊት ይዞራል። «መቀነቴን አጥብቄ የታጠቅሁ ይመስለኛል» ይላሉ። ተማሪዎቼ፣ ይህን ቃል ስትሰሙ ብዕራችሁን አንሡ። መጻሕፍት የመታጠቂያ ስሜት ብለው የሚጠሩት ምልክት ይኸው ነው፤ አንድ የነርቭ ሥር በአንድ የተወሰነ ከፍታ ላይ እንደ ተጫነ ይናገራል።

ከወራት በኋላ ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበታቸው ይገተራል፤ እግራቸው ድንጋይ ይመታል። ጫማቸው ከእግራቸው ሲወልቅ አይታወቃቸውም። ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው እግራቸውን ፍም ሲነካው የሚያውቁት ሽታው ሲሸት ነው። በመጨረሻም ሽንት መጀመር ይቸግራቸዋል፤ ወይም ሳያስቡት ያመልጣቸዋል፤ ይህንንም ከአፍረት የተነሣ ለማንም አይናገሩም። እናንተ ካልጠየቃችሁ በቀር።

በዚህ መካከል ጸበል ተጠምቀዋል፤ ወጌሻ ዘንድ ሄደዋል፤ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝተዋል። በዚህ ልንነቅፋቸው አይገባም፤ ቅርብ ያለው እርዳታ ያ ነበርና። ለወጌሻዎቻችን ግን በአክብሮት ልንነግራቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ከጀርባ ሕመም ጋር እግሩ የደከመ ወይም ሽንቱ የታገደ ሰው አከርካሪው መታሸትና መጠምዘዝ የለበትም፤ በተለይ በቲቢ ወይም በተሰራጨ ካንሰር የተበላ አጥንት በአንድ ጠንካራ ግፊት ሊናድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ቢመሩት ሕይወቱን ይታደጋሉ።

ዕጢውን የሚሸፍኑት ስሞች

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነጥብ ልግባ። እኒህ እናት የተገተሩ እግሮች ይዘው ሲመጡ በአካባቢያችን ሦስት ስሞች ይጠብቋቸዋል።

የመጀመሪያው ጓያ ነው። በደምቢያና በፎገራ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት በጓያ ሳቢያ የሚመጣ የእግር ሽባነት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ለዓለም አሳይቷል። ሰብል በጠፋበት ዘመን ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ ዋና ምግብ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ የእግርን ጡንቻዎች የሚያዝዙትን የነርቭ መንገዶች ይጎዳል። ይህ ዕውቀት ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ሀብቱ ወጥመድም ሊሆን ይችላል፤ በጎንደር ዙሪያ እግሩ የተገተረ ሰው ሁሉ ጓያ የበላ ሊመስለን ይችላልና።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው? በአራት ጥያቄዎች። አንደኛ፣ አጀማመሩ፦ ጓያ ለወራት በብዛት ከተበላ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይገለጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ወጣት ወንዶችን ይይዛል፤ ዕጢ ግን በወራትና በዓመታት ይገሰግሳል። ሁለተኛ፣ አካሄዱ፦ የጓያ ጉዳት አንድ ጊዜ ደርሶ ይቆማል፤ ዕጢ አይቆምም። አምና በአንድ ምርኩዝ ይሄድ የነበረ ሰው ዘንድሮ በሁለት ከሄደ፣ «ጓያ ነው» ብሎ መሸኘት አይቻልም። ሦስተኛ፣ ስሜት፦ ጓያ በአብዛኛው ስሜትን አይነካም፤ መርፌው እግር ላይም ደረት ላይም እኩል ይወጋል። አራተኛ፣ ሽንት፦ በጓያ በአብዛኛው ደኅና ነው፤ በዕጢ ውሎ አድሮ ይታወካል። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከጓያ ጋር ካልተስማማ ታማሚው ተጨማሪ ምርመራ ይገባዋል። ልዩነቱ የቃላት አይደለም፤ ጓያ የጎዳው ነርቭ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ በሜኒንጂዮማ የተጫነ ሕብለ ሰረሰር ግን ሸክሙ ሲነሣለት ሊያገግም ይችላል።

ሁለተኛው ስም የአከርካሪ ቲቢ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ከገለጸው ጀምሮ በስሙ ይጠራል፤ በአገራችንም ሽባነት ከሚያመጡ ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ቲቢ የሁለት አጥንቶችን ተያያዥ ገጽና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ያፈርሳል፤ አከርካሪው ሲዳሰስ ያማል፤ አንዳንዴም ጉብታ ይሠራል፤ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ መክሳትም አብረውት ይመጣሉ። የተሰራጨ ካንሰር ግን አጥንቱን ሲበላ ዲስኩን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ከዱራ በታች ያለው ዕጢ ደግሞ አጥንትን አያፈርስም፤ ጣታችን ጉብታ አያገኝም፤ ተራው የራጅ ፊልምም ደኅና ሊመስል ይችላል። የአከርካሪ ቲቢ ሕክምና ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። ያለ ማስረጃ የተጀመረ የቲቢ መድኃኒት፣ በታማሚዋ ሆድ ውስጥ ቲቢ ከሌለ፣ ዕጢው የሚያድግበት አንድ ሙሉ ዓመት ይሆናል። መድኃኒት በትክክል እየተወሰደ እግር እየደከመ ከሄደ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ቲቢው ራሱ ቦዩን እያጠበበ ነው፣ ወይ በሽታው ሌላ ነው። ሁለቱም ምስል ይሻሉ።

ሦስተኛው ስም የወገብ ዲስክ ነው። በከተማ የሚበዛው ስሕተት ይህ ነው። እግር ደከመ ይባላል፤ የወገብ ኤምአርአይ ይታዘዛል፤ ዕድሜው ከሃምሳ ባለፈ ሰው ወገብ ላይ ትንሽ የወጣ ዲስክ ማግኘት ደግሞ የተለመደ ነው፤ በዚያም ይታመናል። አሁን ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ነጥብ እመለሳለሁ። ሕብለ ሰረሰር ከወገብ መጀመሪያ በታች የለም። ስለዚህ እግሩ የተገተረ፣ የጉልበቱ ምት ያየለ ታማሚ በሽታው ከታችኛው ወገብ ሊሆን አይችልም፤ በላይ ነው፤ በደረት ወይም በአንገት ወይም በአንጎል ነው። የወገብ ዲስክ እግርን ያልማል እንጂ አይገትርም። የታችኛው ወገብ ምስል ንጹሕ መሆኑ በደረት ቦይ ውስጥ ዕጢ ስላለመኖሩ ምንም አይነግረንም።

ከእነዚህ ሌላ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪና ኤችቲኤልቪ የተባሉ ቫይረሶች፣ ከሐይቅና ከወንዝ ዳር ለሚመጡ ደግሞ የቢልሃርዝያ ጉዳት ሊታሰቡ ይገባል። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ የሚያሳጥረው ግን ምርመራው ነው።

መርፌና መዶሻ

ምርመራው እንዴት ይደረግ? ንጹሕ መርፌ ያዙ፤ ለአንድ ታማሚ ብቻ የሚያገለግልና በኋላ የሚወገድ ይሁን። ከእግር ጣት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ «አሁን ይወጋል? አሁንስ?» እያላችሁ ጠይቁ። ስሜቱ በድንገት የሚሳልበት መስመር ካለ በብዕር ምልክት አድርጉበት። የጡት ጫፍ የአራተኛው የደረት ነርቭ ክልል ነው፤ እምብርት የዐሥረኛው፤ ብሽሽት የመጀመሪያው የወገብ ነርቭ ክልል ነው። በሁለቱም ጎን የሚገኝ መስመር ከተገኘ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ሕብለ ሰረሰር ተጭኗል ብላችሁ አስቡ። መስመሩ ግን ከዕጢው ስፍራ በታች ሊወርድ እንደሚችል አትርሱ፤ ስለዚህ ምስሉ ከመስመሩ በላይ ያለውንም ይሸፍን።

ከዚያ በመዶሻው የጉልበትንና የተረከዝን ምት ፈትኑ። የእግርን መዳፍ ከተረከዝ ወደ ጣት በደነዘዘ ነገር ጫሩት፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ከተነሣ ጆሴፍ ባቢንስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 የገለጸው ምልክት ነው፤ ትእዛዝ አስተላላፊው መንገድ ተነክቷል። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም እግር ለምልሞ ምቱ ሲጠፋ፣ ኮርቻ በሚነካው ገላ ላይ ስሜት ሲደነዝዝና ሽንት ሲታገድ፣ የፈረስ ጭራው ተጭኗልና ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ይህ ሁሉ ምርመራ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊደረግ ይችላል።

ይህ ብቻውን በቂ ነውን? በቂ የሆነበት ታሪካዊ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1887 በለንደን፣ ከሕብለ ሰረሰር አጠገብ ያለ ዕጢ ተለይቶ ታውቆ በቀዶ ሕክምና በተሳካ ሁኔታ ወጣ። በሽታውን የለየው ዊልያም ጋወርስ ነው፤ ቀዶውን ያደረገው ቪክቶር ሆርስሊ ነው። ራጅ የተገኘው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው። ታማሚው ለሦስት ዓመታት ያህል በልዩ ልዩ ስሞች ሲታከም ቆይቶ ሽባ ሆኖ ነበር። ሆርስሊ በመጀመሪያ በከፈተው ስፍራ ዕጢውን አላገኘውም፤ ከፍ ብሎ ተጨማሪ አጥንት አንሥቶ አገኘው። ታማሚውም ዳግመኛ ተራመደ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል፦ በጥንቃቄ የተደረገ ምርመራ ዕጢን ያለ ምስል ሊያገኝ ይችላል፤ ዕጢውም ብዙ ጊዜ ከጠበቅነው ከፍ ብሎ ይገኛል።

ምስል

ዛሬ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ኤምአርአይ ነው። ሲታዘዝ በወረቀቱ ላይ «የእግር ድካም» ብቻ አትጻፉ፤ የስሜት መስመሩን ከፍታ ጻፉ፤ የሚታየውንም ክፍል በስም ጥቀሱ። ከተቻለ በጋዶሊኒየም ቀለም ይሁን። ሜኒንጂዮማ ቀለሙን እኩል ጠጥቶ በዱራው ላይ ሰፊ መሠረት ይዞ ይታያል። ሽዋኖማ አንዳንዴ በነርቭ መውጫ በኩል ወጥቶ በሁለት ጫፍ የወፈረ፣ በመካከሉ የቀጠነ ቅርጽ ይይዛል። ኤፔንዲሞማ በሕብለ ሰረሰር መካከል ተቀምጦ በጫፎቹ የቆየ ደም ምልክት ሊያሳይ ይችላል። አስትሮሳይቶማ ወደ አንድ ጎን ያደላ፣ ወሰኑ የማይለይ ነው። ሄማንጂዮብላስቶማ ትንሽ ሆኖ ሳለ ትልቅ የውኃ ከረጢት ያስከትላል፤ በተለይ ከአንድ በላይ ከተገኘ ቮን ሂፔል ሊንዳው የተባለውን የዘር በሽታ ማሰብና ዓይንን፣ ኩላሊትንና አንጎልን መመርመር ይገባል።

ኤምአርአይ በቅርብ ከሌለ ራጅን አትናቁት። ቀስ ብሎ ያደገ ዕጢ የነርቭ መውጫውን ቀዳዳ ያሰፋል፤ የአጥንቱን የኋላ ገጽ ይሰረጉደዋል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ባሉት የአጥንት እግሮች መካከል ያለውን ርቀት ያሰፋል። ሲቲ ስካንም የአጥንትን መበላትና በሜኒንጂዮማ ውስጥ ያለ ካልሲየምን ያሳያል። ምልክቶቹ ሲገኙ ይረዳሉ፤ ሳይገኙ መቅረታቸው ግን ታማሚውን ነጻ አያወጣውም።

ሕክምና

ከዱራ በታችና ከሕብለ ሰረሰር ውጭ ላለ ዕጢ ሕክምናው ቀዶ ነው። ታማሚው በደረቱ ይተኛል፤ ከፍታው በራጅ ይረጋገጣል፤ የአከርካሪው የኋላ ቅስት ይነሣል፤ ዱራው በማይክሮስኮፕ ሥር ይከፈታል። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ዕጢው ከሕብለ ሰረሰር ይራቅ እንጂ ሕብለ ሰረሰር ከዕጢው አይሳብ። ስለዚህ ዕጢው በመጀመሪያ ከውስጡ ይቦረቦራል፤ ሲቀንስ ግድግዳው ወደ ባዶው ቦታ ይሰበሰባል። ሽዋኖማ ከአንዲት የስሜት ነርቭ ሥር ይነሣል፤ ያቺን ሥር መቁረጥ በአብዛኛው አዲስ ጉዳት አያስከትልም። በመጨረሻ ዱራው ውኃ እንዳያፈስ ተደርጎ ይሰፋል።

በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ያለ ዕጢ የተለየ ድፍረትና የተለየ ትሕትና ይጠይቃል። ገመዱ ከኋላ በመካከሉ ይከፈታል። ኤፔንዲሞማ ብዙ ጊዜ ከጤናማው ሥጋ የሚለይበት ገጽ ስላለው ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣም ሌላ ሕክምና ላያስፈልግ ይችላል። አስትሮሳይቶማ ግን ይህ ገጽ የለውም፤ ናሙና መውሰድ፣ ቦታ ማስፋትና ቀሪውን ለጨረር ሕክምና መተው ብልህነት ነው። ታማሚው ከቀዶው ማግስት እግሩ ይበልጥ ሊደክም እንደሚችል፣ ይህም በሳምንታትና በወራት ሊሻሻል እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሳይነገረው የቀረ ታማሚ ተጎዳሁ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ለተሰራጨ ካንሰር ዓላማው ሌላ ነው፤ የቀረውን ዕድሜ በእግር ቆሞ መኖር ነው። ዴክሳሜታዞን እብጠቱን በመቀነስ ጊዜ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2005 በላንሴት የታተመው የፓቸልና የባልደረቦቹ ጥናት በአንድ ስፍራ ብቻ የተጫነባቸውን ታማሚዎች ሲያነጻጽር፣ ቀዶና ጨረር ካገኙት 84 በመቶው፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ 57 በመቶው ከሕክምናው በኋላ መራመድ ችለዋል። ሆኖም ሁሉም ለቀዶ አይመጥንም፤ ሊምፎማና ሚየሎማ ለመድኃኒትና ለጨረር በቶሎ ስለሚገዙ ናሙና ሳይወሰድ መቸኮል አይገባም።

ለሁሉም ዓይነት የሚያገለግል አንድ እውነት አለ። ከቀዶ በኋላ ማን እንደሚራመድ ከሁሉ በላይ የሚተነብየው ከቀዶ በፊት ማን ይራመድ እንደነበር ነው። በምርኩዝ የመጣ ሰው ተስፋው ሰፊ ነው፤ በቃሬዛ የመጣ ተስፋው ጠባብ ነው፤ ሆኖም ዕጢው ለስላሳና ዘገምተኛ ከሆነ በቃሬዛ የመጣውም ቢሆን ሊነሣ ስለሚችል «አልፎበታል» ብለን በር አንዘጋበትም።

ነርሶቻችንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቻችን በዚህ ስፍራ ከቀዶ ሐኪሙ ያነሰ ድርሻ የላቸውም። ታማሚው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ የመኝታ ቁስል ይገድለዋል፤ ፊኛው በንጹሕ ካቴተር ካልተራገፈ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ መገጣጠሚያው ካልተንቀሳቀሰ የተመለሰው ጉልበት በደረቀ ጉልበት ላይ ይባክናል። ይህን ሁሉ ለቤተሰቡ ማስተማር አለብን፤ ወደ ደረስጌ ሲመለሱ ነርሷ የታማሚዋ ልጅ ናትና።

ከእኛ የሚጠበቀው

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ እጅ አለ፤ ቁጥሩም እያደገ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ እርሱም መስፋፋት ጀምሯል። እንግዲህ ሰንሰለቱ ከላይ እየጠበቀ ሲሄድ የሚበጠሰው ከታች፣ ማለትም ታማሚው መጀመሪያ በሚታይበት ክፍል ነው።

ጎንደር ይህን ችግር ለመፍታት የተመቸ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን በአንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ የተነሣበት ሐሳብ ዕውቀት ታማሚው ወዳለበት ይሂድ የሚል ነበር። የስሜት መስመርን መፈለግ ከዚያ ዕውቀት አንዱ ሊሆን ይገባል። ዩኒቨርሲቲው በዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሚያካሂደው የሕዝብና የጤና ክትትልም አለ። ቤት ለቤት በሚደረገው ቆጠራ ላይ አንዲት ጥያቄ ብትጨመር፣ «ካለፈው ዓመት ይልቅ ዘንድሮ እግሩ የደከመ ሰው በቤቱ አለ?» ብንል፣ ከሚገኙት መካከል ጓያ የጎዳውን፣ ቲቢ የያዘውን፣ ዕጢ የተጫነውን መለየት እንችላለን። ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ነው፤ ማሽን አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ውድ ተማሪዎች፤ ብርቅ በሽታን ሁልጊዜ አስቡ ማለቴ አይደለም። የተለመደው በሽታ የተለመደ የሆነው ስለሚበዛ ነውና ጓያን፣ ቲቢንና ዲስክን በቅድሚያ ማሰብ ትክክል ነው። የምለው፣ የተለመደውን ስም ከመስጠታችሁ በፊት ስሙ ከታማሚው ገላ ጋር መስማማቱን ፈትኑ። ሌሊት የሚብስ የጀርባ ሕመም፣ እንደ መቀነት የሚያጠብቅ ስሜት፣ ከዓመት ዓመት የሚጨምር መገተር፣ በመርፌ የሚገኝ መስመር፣ የታወከ ሽንት፤ ከእነዚህ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ካገኛችሁ የላክ ወረቀቱን ዛሬ ጻፉ፤ የመስመሩንም ከፍታ በላዩ አስፍሩ። የሚቀበላችሁ ሐኪም ከዚያች አንዲት መስመር ብዙ ይማራል፤ ታማሚውም የአንድ ዓመት መንገድ ይቀርለታል።